ስለ ፖፕኮርን ኮርኒስ የሰለቹኝ ወሬዎች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሮጌ ቤት የገዛ ሐበሻ ቁልፉን በተቀበለ ሳምንት ይደውልልኛል። ጥያቄው ያው ነው፤ ያን ፈንዲሻ የመሰለ ኮርኒስ ቅዳሜና እሁድ ፍቀን መጨረስ እንችላለን ወይ? አስመርምራችኋል ስላቸው ደግሞ መልሱ አንድ ነው።

«ቤታችን ከ1978 በኋላ ነው የተሠራው፤ አስቤስቶስ የለበትም።»

ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አስቤስቶስ ድሮ ለግንባታ ይውል የነበረ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1978 አስቤስቶስ ያለበት ጌጥ ኮርኒስ ላይ እንዳይረጭ መከልከሉ እውነት ነው። ግን መጋዘን ውስጥ የተከማቸው ዕቃ ያኔውኑ አልተጣለም። እስኪያልቅ ድረስ 80ዎቹም ውስጥ ተረጭቷል። ስለዚህ ቤቱ የተሠራበት ዓመት ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ደንበኛዬ በ1982 የተሠራ ታውንሃውስ ገዝቶ «ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዝም ብለህ ጀምር» አለኝ። ሳይመረመር አልነካም አልኩት። ተኮራረፍን። ውጤቱ ሲመጣ 3 በመቶ አስቤስቶስ! ሕጉ ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ አስቤስቶስ ያለበት ብሎ ነው የሚመድበው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ማሞቂያውንና ኤሲውን አጥፉ። ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ። ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ ኮርኒሱን በደንብ አርጥቡ። ከሁለት ሦስት ቦታ ማንኪያ በማይሞላ መጠን ፍቃችሁ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱና ፈቃድ ላለው ላብራቶሪ ላኩ። ወጪው ቤተሰብ ይዞ ክትፎ ቤት ከመግባት አይበልጥም።

«የአጎቴ ልጅ ፍቆ ምንም አልሆነም።» ዛሬማ ምን ይሆናል? ብናኙ በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ የሚያመጣው በሽታ የሚወጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

«ማስክ አድርገን በቫክዩም እናጸዳዋለን።» የኮቪድ ጊዜ ማስክ ይህን ብናኝ አያቆመውም። የቤት ቫክዩም ደግሞ መልሶ ቤቱ ውስጥ ይበትነዋል።

«አስቤስቶስ ከተገኘ ቤቱን መልቀቅ ነው።» ኧረ ተረጋጉ! ያልተነካ፣ ያልተላጠ፣ ውሃ ያልገባበት ከሆነ ባለበት ይቆይ። ማየቱ ካስጠላችሁ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያንሳው፤ ወይም በላዩ ላይ ድራይዎል (የጂፕሰም ቦርድ) ያልብሰው። ለማልበስም ቢሆን መብሳት ስላለ ራሳችሁ አትሞክሩት።

«ፖፕኮርኑ ድምፅ ያፍናል።» የላይ ፎቅ ሰው ኮቴ ይሰማ የለ?

«ውሃ ከረጩበት በራሱ ይረግፋል።» ከአስቤስቶስ ነጻ ከሆነና ቀለም ካልተቀባ፣ አዎ፣ እንደ ገንፎ ይነሳል። ከተቀባ ግን ውሃው አይገባም። እየታገሉ ድራይዎሉን ከመቦጫጨር በላዩ ሌላ ማልበስ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

«ከተፋቀ በኋላ የቀረው ቀለም ብቻ ነው።» ፖፕኮርኑን የረጩት እኮ የድራይዎሉን መጋጠሚያ አለስልሶ ለመጨረስ ሰንፈው ነው! ስትፍቁት ያ ሁሉ ጉድ ይወጣል። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ የማያብለጨልጭ ይሁን፤ አለበለዚያ በመስኮት የሚገባው ብርሃን እያንዳንዱን ጉብታ ያሳብቃል። አዲስ ወለል ለማስገባት ካሰባችሁም ኮርኒሱ ይቅደም።