ትሬስኮ፦ ከአጥር የተጀመረ የባሕር ዳር አትክልት

ትሬስኮ ትንሽ ደሴት ናት። ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዎል፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ ገባ ብለው ከሚገኙት የሲሊ ደሴቶች አንዷ ነች። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከእነዚህ ደሴቶች ወዲያ፣ በስተ ምዕራብ፣ እስከ አሜሪካ ድረስ ውቅያኖስ ብቻ ነው። ነፋሱ የሚያቆመው ነገር ሳያገኝ መጥቶ የመጀመሪያውን ዱላ የሚያሳርፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ታዲያ እዚችው ደሴት ላይ ከ1834 ጀምሮ ዛፍና ቁጥቋጦ ሲተክል ኖሯል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) የትሬስኮ አቢ አትክልት ስፍራ ይባላል፤ ስፋቱ ሰባት ሄክታር ገደማ ነው።

ጀማሪው ኦገስተስ ስሚዝ ነው። ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ካለች አውራጃ የመጣ ባለጸጋ ነበር። ደሴቶቹን ከኮርንዎል መስፍን ግዛት በኪራይ ወሰደ። ቤቱን የሠራው ከድሮ የመነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ አጠገብ ነው። አትክልቱንም የጀመረው በዚያው ፍርስራሽ ዙሪያ ነው፤ ሁለት የድንጋይ ቅስቶች ዛሬም በተክሉ መሀል ቆመዋል። ሰውየው ለትምህርት ጠንካራ አቋም ነበረው። ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ በሳምንት አንድ ፔኒ ይከፍላል፤ ያስቀረ ደግሞ ሁለት። በእንግሊዝ ዋና ምድር ትምህርት ግዴታ ከመሆኑ ብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው። ግን ይህም መነገር አለበት፦ ሳምሶን በምትባለው ትንሽ ደሴት ይኖሩ የነበሩትን የመጨረሻዎቹን ድሆች በ1855 ከቤታቸው ያስነሳቸው ይኸው ሰው ነው። ሳምሶን እስከ ዛሬ ሰው አይኖርባትም።

ስሚዝ ሲመጣ ደሴቷ ራቁቷን ነበረች ማለት ይቻላል። ዛፍ ቢተከል አይበቅልም፤ ቢበቅልም ቀና ብሎ አያድግም። ጨው ያዘለ ነፋስ ቅጠል ላይ ሲያርፍ እንደ እሳት ይለበልባል፤ ጨው ከቅጠሉ ውሃ ይስባልና። ስለዚህ በመጀመሪያ የተዘራው አበባ ሳይሆን እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ቁጥቋጦው ነፋሱን ትንሽ ሲሰብረው፣ ከኋላው ትንንሽ ዛፎች ተተከሉ።

ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ተከታዩ ነው። ስሚዝ በ1872 ሲሞት ደሴቶቹ ለወንድሙ ልጅ፣ ለቶማስ አልጀርነን ዶሪየን ስሚዝ ደረሱ። እሱም ከካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ የባሕር ዳርቻ የመጡ ሁለት ዓይነት ዛፎችን በብዛት ተከለ፤ አንዱ ጥድ ነው፣ ሌላው የእኛ ሰው የፈረንጅ ጥድ ከሚለው ጋር ዘመድ የሆነ ነው። ሁለቱም በተፈጥሯቸው ጨውና ንፋስ የለመዱ ናቸው። በዚህ ሥራ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። የነፋስ መከላከያ የሚተክል ሰው ጥላውን አያገኘውም። ዛፉ ቁመት አውጥቶ እስኪከልል ድረስ ችግኙን የተከለው ያረጃል፣ ምናልባትም ይሞታል።

መከላከያ ሲባል ደግሞ ግንብ ማለት አይደለም። ነፋስ ግንብ ሲገጥመው ዘሎ ያልፍና ከወዲያ ማዶ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ እዚያ ያለውን ተክል የባሰ ይጎዳዋል። የዛፍ ረድፍ ግን እንደ ወንፊት ነው። ነፋሱን አጥልሎ፣ አድክሞ ያሳልፈዋል። ጥሩ ረድፍ የቁመቱን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ያስጠልላል። የሲሊ ገበሬዎችም ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በዶሪየን ስሚዝ ዘመን ናርሲስ የሚባለውን አበባ ለገበያ ማምረት ሲስፋፋ፣ ማሳዎቻቸውን እየቆራረጡ በረጃጅም ቁጥቋጦ ከለሏቸው። የሚተክሉት ቁጥቋጦ ከኒውዚላንድ፣ ከጃፓንና ከቺሊ የመጣ ነው። የኒውዚላንዱን ፒቶስፖረም ቅጠል ገልብጦ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ፊቱ ወፍራምና እንደ ቆዳ ጠንካራ ነው። ጀርባው ግን ነጣ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ለብሷል፤ በጣት ሲዳስሱት ብርድ ልብስ የነኩ ይመስላል። ቅጠሉ የሚተነፍሰው በዚያ በኩል ስለሆነ ጨውና ነፋስ በቀላሉ አያገኘውም።

አጥሩ ከቆመ በኋላ የሆነው ነገር ተአምር ይመስላል። ትሬስኮ ከካናዳዋ ኩቤክ ከተማ ይልቅ ለሰሜን ዋልታ ትቀርባለች። ሆኖም ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት ብርዷን ስለሚሰብረው ውርጭ እምብዛም አያገኛትም። አትክልቱ ወደ ደቡብ ዞሮ በተቀመጠ ቁልቁለት ላይ በእርከን የተሠራ ነው። ላይኛው እርከን ደረቅና ፀሐያማ በመሆኑ የደቡብ አፍሪካና የአውስትራሊያ ተክሎች ይዘውታል፤ ፕሮቲያ፣ ባንክሲያ፣ እሬት። ወደ ታች ሲወረድ አፈሩ ይርሳል፤ እዚያ ደግሞ ዛፍ የሚያክሉ የኒውዚላንድ ፈርኖች አሉ። ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ኤኪየም የአበባ ዘንጉን ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ አርዝሞ ያወጣና፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ባሕር ዛፍም አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ አገር የገባው ዛፍ ስሙ ራሱ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራል፤ የትሬስኮዎቹም ባሕር የተሻገሩት ከዚያው ከአውስትራሊያ ተነስተው ነው።

ሦስተኛው ባለቤት ሻለቃ አርተር ዶሪየን ስሚዝ፣ በ1918 ከአባቱ የተረከበው፣ በቤተሰቡ ውስጥ ዋነኛው ተክል ሰብሳቢ ነው። እስከ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ ዘርና ችግኝ አምጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሦስት ወንዶች ልጆቹ ሞተውበታል። እሱ በ1955 ሲያርፍ አትክልቱን የተረከበው በሕይወት የተረፈው ልጁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ፈተና ከሁሉም የከፋ ነበር። በጥር 1987 ደሴቷ የማታውቀው በረዶና ውርጭ ወረደባት። ከተክሉ አምስት እጅ አራቱ ሞተ። በእሬትና በመሰል ተክሎች ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ሥጋቸው ይፈነዳል፤ በረዶው ሲቀልጥ የተቀቀለ ይመስል ይዝለፈለፋሉ። ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1990፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚምዘገዘግ አውሎ ነፋስ መጣ። ይሄኛው የመታው አጥሩን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆሙት መከላከያ ዛፎች ከአሥር ዘጠኙ ወደቁ።

አበባ ቢሞት በሁለት በሦስት ዓመት ይተካል። አጥር ሲወድቅ ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው የሚወድቀው። ቤተሰቡና አትክልተኞቹ ግንዱን ጠርገው፣ ቅድመ አያት በጀመረበት መንገድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ መከላከያው፣ ከዚያ ሌላው። ያኔ የገቡት ችግኞች ዛሬ ዛፍ ሆነዋል።

አትክልቱ ውስጥ ቫልሃላ የሚባል አንድ ለየት ያለ ቤትም አለ። በደሴቶቹ ዙሪያ የሰጠሙ መርከቦች አፍንጫቸው ላይ የነበሩ የእንጨት ቅርጾች እዚያ ተሰብስበዋል። ሰብሳቢው ጀማሪው ኦገስተስ ስሚዝ ራሱ ነበር። ያ ዛፍ የሚጥለው ነፋስ መርከብም ሲሰብር ኖሯል።

ደሴቷን መጎብኘት የሚፈልግ ከኮርንዎሏ ከተማ ከፔንዛንስ በሄሊኮፕተር፣ ወይም ከጎረቤቷ ከሴይንት ሜሪ በጀልባ ይሻገራል። አትክልቱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከ2012 ጀምሮ ቀይ ሽኮኮዎች መጥተው እዚያ ተለቀዋል። የጥዶቹንም ፍሬ ይበላሉ።