ስትሪፒንግ ሬሾ ምንድን ነው? ቀጭን የወርቅ ቬይን ከላይ ይቆፈር ወይስ በዋሻ ይገባለት?

ስትሪፒንግ ሬሾ አንድ ቶን ወርቅ አዘል ድንጋይ ለማግኘት ስንት ቶን ባዶ ድንጋይ እንደሚነሳ የሚነግረን ቁጥር ነው። 5 ለ 1 ከተባለ፣ ለአንዷ ቶን ሲባል አምስት ቶን ተቆፍሮ ይደፋል። ባዶው ድንጋይ ሳንቲም አያስገባም። ኤክስካቫተሩ ግን ለእሱም ናፍጣ ይጠጣል።

ክምችቱ ሰፊ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ራስ ምታቱ የሚመጣው ወርቁ በቀጭን የኳርትዝ ቬይን ውስጥ፣ ማለትም በሌላ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ደም ሥር በተዘረጋ የኳርትዝ ድንጋይ ውስጥ ሲሆን ነው።

እስቲ እናስላው። ቬይኑ 1 ሜትር ስፋት አለው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ጉድጓዱ እንዳይናድ ግራና ቀኙን በ45 ዲግሪ እያጋደምን እንቆፍራለን። 20 ሜትር ስንወርድ የጉድጓዱ አፍ 40 ሜትር ይሰፋል። በቬይኑ ርዝመት ለእያንዳንዷ ሜትር 400 ሜትር ኩብ አንስተናል፤ ቬይኑ ከዚያ ውስጥ 20 ብቻ ነው። ሬሾው 19 ለ 1 ሆነ ማለት ነው። 100 ሜትር ላይ 99 ለ 1 ይደርሳል! ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ሊል ስለሚችል ቁጥሩ ይቀንሳል።

አማካዩ ግን ያታልላል። ከ19 ወደ 20 ሜትር ለመውረድ ብቻ 39 ሜትር ኩብ ይነሳል፤ ቬይኑ አንዷ ናት። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሜትር ሬሾ 38 ለ 1 ነው። መቼ እናቁም የሚለውን መወሰን ያለባት እሷ ናት። የእሷ ወጪ ያንኑ ቶን በዋሻ ከማውጣት ከበለጠ፣ ከላይ መቆፈሩ አበቃ።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው በዋሻ አንገባም? ዋሻ በቶን ሲሰላ ውድ ነው። ጣሪያው ድጋፍ ይፈልጋል፣ አየር ይነፋል፣ ውሃ በፓምፕ ይወጣል። ሌላም ጣጣ አለ። ቬይኑ ግማሽ ሜትር ቢሆንም ሰውና መሰርሰሪያ በግማሽ ሜትር ውስጥ አይሠሩም። በቶን 20 ግራም ወርቅ የነበረው ድንጋይ፣ ክፍተቱ ወደ 1.5 ሜትር ሲሰፋ ከባዶው ጋር ተደባልቆ ከ7 ግራም በታች ይወርዳል። ወፍጮው የሚፈጨው ይሄንን ነው። “20 ግራም አለው” የሚል ሰው ሲገጥማችሁ “በስንት ሜትር ስፋት?” ብላችሁ ጠይቁት። ከላይ ሲቆፈርም ትልቅ ባልዲ ያለው ማሽን ያንኑ ጥፋት ያጠፋል።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሠራሉ። ላይኛው ክፍል በዝናብና በአየር ስለላላ ከላይ ይቆፈራል፤ ሬሾው ሲከብድ ከጉድጓዱ ግርጌ ዋሻ ይጀመራል። በሁለቱ መሃል ግን ያልተነካ ወፍራም ድንጋይ ይተዋል። ወርቅ ቢኖረውም ይተዋል፤ አለበለዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው ዝናብ ዋሻው ላይ ይወርዳል።