ዳምሰልፊሽ፦ ከቀለሙ ይልቅ ሥራው የሚያጋልጠው ዓሣ

ኮራል ሪፍ ላይ፣ ማለትም ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት በሠሩት ቋጥኝ ላይ፣ ጠልቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ከኮራሉ ስንጥቅ ብቅ ይላል። ሰውየውን ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ መነጽሩ ይወረወራል። ጠላቂው በክብደት ምን ያህል እንደሚበልጠው ደንታም የለው። አንዳንዱ ጣት እስከ መንከስ ይደርሳል። ይህ ደፋር ፍጥረት ዳምሰልፊሽ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ የልጃገረድ ዓሣ እንደማለት ነው። ስም አውጪው የትኛውን አይቶ እንደሆነ እንጃ፤ ጠባዩና ስሙ ጨርሶ አይገናኙም።

ዳምሰልፊሾች በሳይንስ አጠራር ፖማሴንትሪዴ የሚባል ቤተሰብ ናቸው። ከ400 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። አበባ በሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ በአኔሞን ውስጥ የሚኖረው ታዋቂው ክላውንፊሽም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሕንድ ውቅያኖስና በፓሲፊክ ሞቃታማ ክፍል ሲሆን፣ በአትላንቲክ ያሉት በቁጥር በጣም ያንሳሉ። ብዙዎቹ ከ15 ሴንቲሜትር አይበልጡም። ከዚህ ወጣ ያለው ጋሪባልዲ ነው። እሱ እስከ 36 ሴንቲሜትር ያድጋል። መኖሪያው ግን የሐሩር ሪፍ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለው የካሊፎርኒያና የባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው። ካሊፎርኒያ በ1995 የግዛቷ የባሕር ዓሣ አድርጋ ሰይማዋለች።

መጀመሪያ፦ ዳምሰልፊሽ ነው ወይ?

ዓሣው እጅ ላይ ካለ ወይም ጥሩ ፎቶ ከተገኘ፣ አፍንጫውን ተመልከቱ። አብዛኞቹ ዓሦች በፊታቸው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ አላቸው። ዳምሰልፊሾች ግን ባብዛኛው አንድ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ክሮሚስና ዳሲለስ ከተባሉት ወገኖች አንዳንዶቹ ሁለት ይኖራቸዋልና ምልክቱ ፍጹም አይደለም። ቲላፒያን ያቀፈው የሲክሊድ ቤተሰብም አንድ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፤ ኮራል ሪፍ ላይ ግን ሲክሊድ ስለማይኖር አያሳስትም።

የጀርባው ክንፍ አንድ ወጥ ነው፤ ፊቱ እሾሃማ፣ ኋላው ለስላሳ። ከሆዱ በስተኋላ ባለው ክንፍ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እሾህ ብቻ ይገኛል። በጎኑ የሚሄደው የስሜት መስመርም ጅራቱ ጋ ሳይደርስ፣ ከጀርባው ክንፍ ለስላሳ ክፍል ሥር ይቋረጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ እሾህ የሚቆጥር ሰው የለም። እዚያ የሚረዳው የሰውነት ቅርጽ ነው። አካሉ ከጎን ሞላ ያለ፣ አፉ ትንሽ፣ ጅራቱ ባብዛኛው እንደ ሹካ የተከፈለ ነው። ኤንጅልፊሽ ቢመስል ጉንጩን ማየት ነው፤ ኤንጅልፊሽ እዚያ ወደ ኋላ የሾለ ጠንካራ እሾህ አለው። ካርዲናልፊሽ ቢመስል ጀርባውን ማየት ነው፤ ያኛው ሁለት የተለያዩ የጀርባ ክንፎች አሉት።

ከዚያ፦ የትኛው?

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው በቀለም ይነሳል፤ ቀለም ደግሞ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዋነኛው አታላይ ነው።

በካሪቢያን ያለውን ባለሦስት ነጥብ ዳምሰልፊሽ እንይ። ልጅ ሳለ እንደ ሎሚ ቢጫ ነው፤ ጥቁር ነጥቦችም አሉት። ሲያድግ ያ ሁሉ ውበት ይጠፋና አመድማ ቡናማ ሆኖ ያርፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ዝርያ ናቸው ቢባል አያምንም። ባለቢጫ ጭራ የተባለው ሌላው ዝርያም እንዲሁ ነው። ልጁ በጥቁር ሰማያዊ ገላው ላይ የሚያበሩ ሰማያዊ ነጥቦች ተበትነውበት ጌጥ ይመስላል። አዋቂው ነጥቦቹ እየጠፉ ጭራው ብቻ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በዚያው ባሕር ውስጥ አዋቂ ሲሆኑ ሁሉም ቡናማ የሚሆኑ ሌሎች የስቴጋስቴስ ወገን ዝርያዎች አሉ። ልምድ ያለው ሰውም ይሳሳትባቸዋል። ቡናማ አዋቂ አጋጥሟችሁ ስሙ ካልመጣላችሁ አትፈሩ፤ ወገኑን መጥቀስ ይበቃል። በግድ ስም መስጠት ከዝምታ የከፋ ስህተት ነው።

ጾታም ቀለም ይለውጣል። ሰማያዊ ዲያብሎስ በተባለው ዝርያ ሴቷ ከጀርባ ክንፏ ኋላ ሥር ጥቁር ነጥብ አላት፤ በአንዳንድ አካባቢ ያለው ወንዱ ደግሞ ጭራው ብርቱካናማ ነው። ሳጅን ሜጀር የሚባለው ወንድ እንቁላል ሲጠብቅ ገላው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል፤ ተረኛነቱን ለማሳወቅ ልብስ የቀየረ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ የሚያዋጣው በሌላ በኩል መግባት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ባሕር ውስጥ ናችሁ የሚለው ነው። ሳጅን ሜጀር ስሙን ያገኘው የወታደር ማዕረግ ከሚመስሉት አምስት ጥቁር መስመሮቹ ነው። በአትላንቲክ ያለው አንድ ዝርያ ነው፤ በሕንድ ውቅያኖስና በፓሲፊክ ያለው መንትያ የሚመስለው ደግሞ ሌላ። ከፎቶ ብቻ ለመለየት ከመታገል ፎቶው የት እንደተነሳ መጠየቅ ይቀላል። በዚያው በሕንድ ውቅያኖስና በፓሲፊክ ባለመቀስ ጭራ የሚባል ዘመድ አለ። የጭራውን ሁለት ሹካዎች ጥቁር መስመር ስለሚከተላቸው ወዲያው ይታወቃል። ጥቁር ነጥቡ ከጭራው ግንድ በላይ የተቀመጠ ካያችሁ ደግሞ ሦስተኛው ዘመዳቸው ነው።

የነዚህ ወገን ሳይንሳዊ ስም አቡደፍዱፍ ነው። ላቲን አይመስልም፤ አይደለምም። አረብኛ ነው፣ አቡ ማለት አባት። ስሙን የሰጠው ፔር ፎርስኮል ነው። በዴንማርክ የአረቢያ ጉዞ ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ ዓሦቹን ሰበሰበ፤ በ1763 የመን ላይ ሞተ፤ ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው። በላቲን ስሞች መሐል አንድ የአረብ ስም ተደላድሎ ተቀምጦ ማየት ደስ ይላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ዓሣው ምን እየሠራ ነው የሚል ነው። ከሪፉ በላይ ውሃው መሐል በመንጋ ተንሳፎ የሚንሸራሸር፣ ጅረቱን እየተጋፈጠ ጥቃቅን ነገር የሚለቅም ከሆነ ክሮሚስ ሳይሆን አይቀርም። ምግቡ ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። አደጋ ሲመጣ መንጋው በሙሉ በቅጽበት ቅርንጫፋማ ኮራል ውስጥ ይገባል። አረንጓዴ ሰማያዊው ክሮሚስና ጥቁር ብብት ያለው ዘመዱ በዚህ ጠባይ አንድ ናቸው፤ በቀለምም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የደረት ክንፉ ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። አንዲት የኮራል ራስ ላይ ተሰብስቦ ከዚያ የማይርቅ፣ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው ከሆነ ዳሲለስ ነው። ጭራው ጥቁር የሌለበት ከሆነ ሀምበግ፣ ጭራው ጥቁር ከሆነ ዘመዱ ነው። ጥቁር ሆኖ በግንባሩና በሁለት ጎኑ ነጭ ነጥብ ካለው ዶሚኖ ነው፤ ልጆቹ አኔሞን ውስጥ ተጠልለው ይገኛሉ። ብቻውን ሆኖ አንድ ካሬ ሜትር የማትሞላ ሣር መሳይ ቦታ እየጠበቀ መጪውን ሁሉ የሚያባርር ከሆነ ደግሞ ገበሬ ነው።

ገበሬዎቹ

ገበሬ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ብዙ ዳምሰልፊሾች በሞተ ኮራል ላይ አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሣር መሳይ ነገር ያበቅላሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ይበላሉ። በጃፓኗ ኦኪናዋ ያለው አንዱ ዝርያ ይህን ወደ ሙያ አሳድጎታል። የማይፈጭለትን አልጌ በአፉ እየነቀለ ከይዞታው ውጭ ይጥላል። ስለዚህ እርሻው ውስጥ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ቀይ አልጌ ብቻ ይቀራል። ያ አልጌ ከእርሻው ውጭ በሌሎች ተቀድሞ ወይም ተበልቶ ስለሚያልቅ መቆም አይችልም። ገበሬው አልጌውን ይፈልጋል፣ አልጌውም ገበሬውን።

ካሪቢያን ውስጥ በቤሊዝ ያለው ረጅም ክንፍ ዳምሰልፊሽ ከእርሻ አልፎ ከብት ያረባል ማለት ይቻላል። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ማይሲድ የተባሉ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሳይ እንስሳት በእርሻው ላይ በመንጋ ይኖራሉ። ዓሣው አይበላቸውም፤ ይልቁንም ሊበሏቸው የሚመጡትን ያባርርላቸዋል። እነሱም በኩሳቸው አልጌውን ያዳብራሉ። ማይሲድ ያላቸው ገበሬዎች ከሌላቸው የተሻለ የሰውነት አቋም ነበራቸው። ማላመድ የሚባለው ነገር እንዲህ ሳይሆን ይጀመራል ብሎ የሚከራከር ካለ፣ እኔ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ትጋት ለሪፉ ዋጋ ያስከፍላል። ባለሦስት ነጥቡ ዳምሰልፊሽ የእርሻ ቦታ ሲፈልግ ሕያው ኮራል እየነከሰ ይገድላል፤ የሞተው ላይ አልጌ ይበቅላል። አጋዘን ቀንድ የሚመስለው የካሪቢያን ኮራል ይህ ከሚደርስበት አንዱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እርሻው የጥቃቅን ፍጥረታት መጠለያ ነው። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን መመለስ ከባድ ነው፤ ኮራሉ እየሳሳ ባለበት ሪፍ ግን ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል።

ጥበቃው የሚገርም ነው። የባሕር ጃርት፣ ማለትም እሾሃም ክብ ፍጥረት፣ እርሻው ላይ ከገባ ዓሣው በእሾሁ ይዞ አንሥቶ ውጭ ይጥለዋል። ሰርጀንፊሽ የተባለውን አልጌ የሚግጥ ዓሣ ለብቻው ካገኘው ያባርረዋል። ሰርጀንፊሾቹ ግን መላ አላቸው፦ በመቶ ተሰብስበው ይመጣሉ። ገበሬው አንዱን ሲያሳድድ ሌሎቹ እርሻውን ይግጣሉ። ከሩቅ ስታዩት፣ አንድ ትንሽ ጥቁር ዓሣ በሰማያዊ ጎርፍ መሐል ወዲያ ወዲህ ሲወራጭ ነው። ያሳዝናል፤ ያስቃልም።

ጎጆና ልጅ

በአብዛኞቹ ዝርያዎች እንቁላል የሚጠብቀው አባት ነው። ወንዱ ድንጋይ ወይም የሞተ ኮራል ያጸዳል። ከዚያ ወደ ላይ ዘሎ ወደ ታች እየተወረወረ፣ ጩጩ የሚል ድምፅ እያሰማ ሴት ያሽኮረምማል። በካሪቢያን ባለው ባለሁለት ቀለም ዳምሰልፊሽ ሴቶች ጎህ ሲቀድ እየመጡ ይመርጣሉ፤ የሚመርጡትም አጥብቆ የሚያሽኮረምመውን ነው። ምርጫቸው አይሳሳትም፤ እንዲህ ያለው ወንድ እንቁላል በመጠበቅም የተሻለ ነው። ክላውንፊሽም ድምፅ አለው። እንዴት እንደሚያወጣው የታወቀው በ2007 ነው፦ መንጋጋውን በፍጥነት ዘግቶ ጥርሱን በጥርሱ ያጋጫል።

እንቁላሉ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። የሳጅን ሜጀር እንቁላል አዲስ ሲሆን ወይን ጠጅ ምንጣፍ ይመስላል። አባት በክንፉ እያራገበ አየር ይሰጠዋል፤ የተበላሸውን እየለቀመ ይበላል። አንዳንዴ ደህናውንም ይበላል፤ አባትነት እንዲህም ነው። በአቅራቢያው ራስፊሽ (wrasse) የተባሉ እንቁላል የሚበሉ ዓሦች መንጋ ያደባል። ጠላቂ ቀርቦ አባቱ ፊቱን ካዞረ፣ መንጋው በደቂቃ ውስጥ ጎጆውን ያራቁታል። ስለዚህ ሲያጠቃችሁ ከተሰማችሁ ፎቶውን ትቶ ፈቀቅ ማለት ይሻላል።

ልጆቹ ሲፈለፈሉ ወደ ክፍት ባሕር ይወሰዳሉ፤ ሳምንታት ተንሳፈው ከከረሙ በኋላ ሪፍ ፈልገው ይገባሉ። ከዚህ ሕግ ከወጡት አንዱ እሾሃሙ ክሮሚስ ነው። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ ልጆቹን ይዞ ይቀራል። እናትና አባት በደመና መሳይ የልጆች መንጋ ዙሪያ ሲዞሩ ካያችሁ ስሙን ለመናገር ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

ጾታቸውም የቆመ አይደለም። በክላውንፊሽ ትልቋ ሴት ናት፤ እሷ ስትሞት የቀረው ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጣል። በሀምበግ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሴት ወደ ወንድነት ትለወጣለች።

ዓሦቹስ እርስ በርስ እንዴት ይለያያሉ?

ከኛ በተሻለ ነው። አምቦን ዳምሰልፊሽና ሎሚ ዳምሰልፊሽ ለኛ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። በ2010 የወጣ ጥናት ግን የአምቦኑ ዓሣ ፊት ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ የሚታይ ጥልፍ እንዳለ፣ ዓሦቹም በዚያ ጥልፍ እንደሚለያዩ አሳየ። እኛ ነጥብና መስመር ስንፈልግ የምንደክመው ጽሑፉ በማናየው ቀለም ስለተጻፈ ነው። ክላውንፊሽ ደግሞ መስመር ይቆጥራል የሚያሰኝ ነገር አለው። በ2024 የታተመ የኦኪናዋ ሙከራ ላይ፣ ባለሦስት ነጭ መስመሩ ዝርያ ከሁሉ አብልጦ ያጠቃው ሦስት መስመር ያለውን እንግዳ ነበር። ቤቱን ሊወስድበት የሚመጣው መሳዩ መሆኑን ያውቃል።

ሌሊት ሲመሽ ገበሬውም መንጋውም ጸጥ ይላል። ዳሲለሶቹ ወደ ኮራላቸው ቅርንጫፍ መሐል ገብተው ይተኛሉ፤ ክንፋቸው ግን አይተኛም። በቀይ ባሕር የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እንቅልፍ ላይ ሆነው ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ ውሃውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ኦክስጅን ያጠረው የኮራሉ ውስጠኛ ክፍልም በዚያ ይተነፍሳል።