ወሎ ላይ ቤት ውስጥ ኤሲ ማስገባት

ወሎ ላይ ኤሲ ያስፈልጋል ወይ ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚመለስለት ጥያቄ «የት ሰፈር?» ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ግንቦትም ሆኖ ማታ ማታ ጋቢ ታስለብሳለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ፣ ያውም 25 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ፣ ከፍታው ወደ 1,850 ይወርድና ሹራብህን ታወልቃለህ። ከዚያ ወደ ሐርቡና ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ከዘለቅክ ሸሚዙም ይከብድሃል። በሰሜን በኩል ቆቦም እንደዚያው ነው። «ወሎ ብርድ ነው» የሚለውም «ወሎ ያቃጥላል» የሚለውም አልዋሸም።

ሙቀቱ የሚብሰው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲገባ ቀለል ይላል። ስለዚህ ቆላው ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው የሚያወራው ሦስት አራት ወር ስለሚሠራ ማሽን ነው። ይህን መዘንጋት ብዙ ብር ያስወጣል።

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ባለፈው ደውሎ «አባዬ፣ ኮምቦልቻው ቤት ላይ ሴንትራል ኤሲ ላስገባልህ» አለው። አጎቴም «መስኮት ከፍቼ ብተኛ ምን ይለኛል?» አለ። «ወባውስ?» ሲለው ዝም አለ። ወላሂ እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነበር፤ ኮምቦልቻ ሌሊቱ ደህና ይቀዘቅዛል፣ ግን ቢንቢው መስኮት አያስከፍትም። ሴንትራሉ ላይ ግን አልተስማማሁም።

ሴንትራል የሚባለው አንድ ትልቅ ማሽን ውጪ ተቀምጦ፣ ቤት ውስጥ ካለው ማቀዝቀዣ የሚወጣው አየር በኮርኒስ ውስጥ በተዘረጋ የቆርቆሮ ቱቦ፣ ማለትም በዳክት፣ ለየክፍሉ የሚታደልበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ሲሠራ ጀምሮ አብሮት ይሠራል። እኛ ጋ የምታየው በብዛት ስፕሊት ነው፤ ለአንድ ክፍል አንድ፣ ግማሹ ግድግዳ ላይ ግማሹ ውጪ። ነገሩ መጀመሪያም ለሰው ምቾት የመጣ አልነበረም። ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ለነበረ ማተሚያ ቤት ነው የነደፈው፤ የአየሩ እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙን ስላስቸገራቸው። የክር ፋብሪካም እርጥበት ሲያንስ ክሩ ስለሚበጠስበት አየሩን ይቆጣጠራል፤ ኮምቦልቻን የመሰለ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ይህ ወሬ አይገርመውም።

ሴንትራሉን እዚህ ለምን አልወደድኩትም? አንደኛ፣ የእኛ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ቦታ ቀን ላይ ከቤቱ ሁሉ የሚግለው እሱ ነው፤ ዳክቱን ደግሞ የምትዘረጋው እዚያው ምድጃ ውስጥ ነው። በደንብ ካልተሸፈነ ቀዝቃዛው አየር መንገድ ላይ ይሞቃል። አይጡን ሳልጨምር። ሁለተኛ፣ መብራቱ። ባለ 3 ቶን ሴንትራል (ቶንም ቢቲዩም ማሽኑ በሰዓት የሚያወጣው ሙቀት መለኪያ ነው፤ አንድ ቶን ማለት 12,000 ቢቲዩ ነው) ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ በሚወርድበት ቆጣሪ ላይ ይህን መጫን አይመከርም። ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ የሚላከው ዕቃ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የእኛ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክል ይሆናል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ተራው ሞተር ቀስ ብሎ ይዞርና ይግላል።

ስለዚህ ለመኝታ ቤት ስፕሊት። 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ከ9,000 እስከ 12,000 ቢቲዩ ይበቃዋል። ኮርኒስ ከሌለው ወይም የከሰዓት ፀሐይ በምዕራብ በኩል የሚመታው ከሆነ ወደ ላይ ሂድ። ከፍታውንም አትርሳ፤ ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ዞሮም ሙቀት የሚሸከምለት አየር ያንሰዋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ አትጠብቅ።

ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ውድ ቢሆንም ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ለእኛ መብራት ይስማማል። ከስታቢላይዘር፣ ማለትም ቮልቴጁን ከሚያስተካክለው ዕቃ ጋር ግዛው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚያዘገይ ዓይነት ይሁን፤ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ወዲያው ሲነሳ ነው የሚቃጠለው።

አሁን የኤሲውን ውጪኛ ክፍል የት እንስቀል? የውጪ አገር መመሪያ ብዙ ጊዜ ሰሜን ግድግዳ ጥላ ነው ይልሃል። ወሎ 11 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ ማለትም ኤሲው በሚፈለግበት ወር የሚጠበሰው ሰሜኑ ግድግዳ ነው። እኔ ቤት ይህን ሳላውቅ ነው ያሰቀልኩት። አሁን ከላዩ ትንሽ ዳስ ሠርቼለታለሁ፣ ጎረቤት ሰርግ አለ እንዴ እያለ ይስቃል።

ተከላው ላይ ገንዘብህ የሚድነው ወይም የሚጠፋው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። የመዳብ ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። የኔን የገጠመው ፍሪጅ ሠሪ ፓምፕ አልያዘም ነበር። ጋዙን ለቀቅ አድርጎ «ፍሽሽ» አሰኘና «አየሩ ወጣ፣ አለቀ» አለኝ። በዓመቱ ቤት ውስጥ ያለው የኤሲው ክፍል በረዶ ሠርቶ ውሃ አልጋዬ ላይ ተንጠባጠበ። ሌላ ባለሙያ መጥቶ የቱቦው ብሎን ላይ የሳሙና አረፋ ቀባ። ትንሽ ቆይቶ አረፋው እንደ ፋንድሻ ፈካ፤ ጋዙ በዚያ ሲወጣ ከርሟል። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ቆሜ እያየሁ ሻይ ነበር የማቀርበው።

አሮጌውን ስትቀይር የማቀዝቀዣ ጋዙን ዓይነት ጠይቅ። የድሮው አር22 ነው፤ ታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሞላ ጎደል የሚሰናበቱት። አር410ኤ ግፊቱ ከዚያ በግማሽ ያህል ስለሚበልጥ በአሮጌው ማሽን ውስጥ አይሞላም። አር32 ደግሞ በመጠኑም ቢሆን እሳት ይይዛል፣ ሲጋራ አፉ ላይ ያለ ሠራተኛ አያስጠጋውም። ውጪውን ብቻ ቀይሮ የውስጡን መተው ርካሽ ይመስላል፤ ሁለቱ ካልተጣጣሙ ግን ኮምፕሬሰሩን ይገለዋል። ጋዝ ሲሞላም በግፊት ንባብ ብቻ ሳይሆን በሚዛን ቢሆን ይሻላል።

ደሴ ላሉት አንድ ነገር። ሙቅና ቀዝቃዛ የሚሰጠው ስፕሊት ለእናንተ በተቃራኒው ይጠቅማል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ክፍል ያሞቃል፣ ለዚያው ሙቀት ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያነሰ መብራት እየበላ። በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ከመተኛትማ የትና የት።

ቆላ ያላችሁ ደግሞ ከሐምሌ በኋላ ሶኬቱን ነቅላችሁ ብሬከሩን አጥፉት። ሚያዝያ ላይ ከማብራታችሁ በፊት ማጣሪያውን አውጥታችሁ በውሃ እጠቡ፣ የውሃ መውረጃ ቱቦውን ንፉት። የኔ ውስጥ አንዴ ሸረሪት ቤት ሠርታበት ነበር፣ ውሃው ሁሉ ወደ ግድግዳው።