ጥቂት ቅጂ፣ ብዙ ፈላጊ፦ የሸክላ ገበያ በመሀል አዲስ አበባ

በመሀል አዲስ አበባ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥበትን ቦታ በታፔላ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ብሔራዊ ቴአትር ስትወርዱ የሚያጋጥማችሁ የባህል ዕቃ ሱቅ፣ የአሮጌ መጽሐፍ መደርደሪያ፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነው። ሸክላው ከነዚህ ጋር ተዳብሎ ይኖራል። አንዳንዴ ከመስቀሉና ከንጉሡ ዘመን ሳንቲም ጎን፣ አንዳንዴ ከመደርደሪያው ስር በካርቶን። ሸክላ ብቻ ሸጦ የሚያድር ሱቅ ብርቅ ነው። የቀረው ንግድ በስልክ፣ በቴሌግራምና በቡና ቀጠሮ ይካሄዳል።

ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የታተመው ነው፤ ሰዉ «ኦርጅናል» ይለዋል። (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሌላው የውጭ አሳታሚዎች እንደገና የሚያወጡት አዲስ ህትመት ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ «ሊሚትድ ኤዲሽን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። 500 ቅጂ፣ 1,000 ቅጂ፣ ባለ ቀለም፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈበት። የከተማው ሸክላ ወዳጅ ይበልጥ የሚማረረው በዚህኛው ነው። ኦርጅናሉ ቢጠፋ ጊዜ በልቶት ነው፤ ማን ይከሰሳል? አዲሱ ግን ገና ሲታተም እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ነው።

ድሮም አልተረፈም

እውነቱን ለመናገር ሸክላ በአገራችን ሞልቶ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ወጣት በ1969 ይህን ደፍሮ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። የጀመረው በዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነው። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂዎቹ መጀመሪያ ህንድ፣ ኋላ ደግሞ ሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። እስከ 1975 ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ከአሥር በላይ አልበሞች አወጣ። ከዚያ አገር ጥሎ ወጣ። ብዙ ሰው «ዓሊ ታንጎ» የሚለው ዓሊ አብደላ ካይፋ ደግሞ በካይፋ ሪከርድስ ሥራውን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ገፋበት።

ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፣ እቤት ይቀዳል፣ በባትሪ ይሰማል። የደርግ ሰዓት እላፊም የሌሊቱን ሙዚቃ አቀዘቀዘው። በውቤ በረሃ ቡና ቤቶች ጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን) ውስጥ ሲዞሩ የኖሩት ሸክላዎች ድሮውንም ተፍቀው አልቀዋል። የተረፉት አልጋ ስርና ቆጥ ላይ ገቡ።

ስለዚህ ዛሬ ንጹሕ ትንሽ ሸክላ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን የምትይዘው ናት። አንስታችሁ ብታዩ መሀሏ ካለው ክብ ወረቀት ላይ የሸጣት ሱቅ ማኅተም ይኖራል። አጠገቡ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ የባለቤቱ ስም፣ ሲበዛም ፊርማው። የውጭ ሰብሳቢ ይህን ጉዳት ብሎ ዋጋ ይቀንስበታል። እዚህ ያለ ሰው ግን ስሙን አንብቦ «የማን ልጅ ይሆን?» ይላል። የእኛ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዓለም ዘግይቶ ነቃ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃችንን ማፈላለግ ጀመረ። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ወጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የአልበም ተከታታይ መጣ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ አስገባ። የዋልያስ ባንድና የኃይሉ መርጊያ የ1977 ሥራ «ቼ በለው» ደግሞ በ2014 «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለ አሳታሚ እንደገና ታተመ። በዚህ ሁሉ መሀል የኢትዮጵያ ሸክላ ፓሪስና ቶኪዮ ውስጥ የሚታደን ዕቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

500 ብቻ ለምን?

ሁሉም ተንኮል አይደለም። ድምፁ መጀመሪያ ላከር የሚባል ቫርኒሽ መሰል ነገር በተቀባ የአሉሚኒየም ዲስክ ላይ ይቀረጻል። ከዚያ በኒኬል ተለብጦ የብረት ቅርጽ ይወጣለታል። ይህ ቅርጽ በጋለ ፕላስቲክ ላይ እየተጫነ ሺህ ገደማ ቅጂ ሲያወጣ ያረጃል፤ ሌላ መሥራት ሌላ ወጪ ነው። ፋብሪካዎችም ከተወሰነ ቁጥር በታች ትዕዛዝ አይቀበሉም። ትንሽ አሳታሚ 5,000 አሳትሞ የመጋዘን ኪራይ ከሚከፍል 500 ሸጦ ቢገላገል ይሻለዋል። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ካሊፎርኒያ የነበረው፣ ላከር ዲስክ የሚሠራው አፖሎ ማስተርስ ፋብሪካ ተቃጠለ። ላከር ዲስኩን በብዛት የሚሠራ አንድ የጃፓን ድርጅት ብቻ ቀረ። ወዲያው ኮቪድ መጣ። የህትመት ወረፋ በወራት የሚቆጠር ሆነ።

ተንኮሉ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ያው ሙዚቃ በጥቁር ይወጣል፣ በቀይ ይወጣል፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ይወጣል። እያንዳንዱ «ይህ ካለቀ አይደገምም» ይባልለታል። በዓመቱ በሰማያዊ ይደገማል። ድምፁ ላይ የተጨመረ ነገር የለም።

የዚህ ትልቁ መድረክ «የሸክላ ሱቆች ቀን» ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2007 ታስቦ በኤፕሪል 2008 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ በኢንተርኔት ሽያጭ የተጎዱ ትንንሽ ሱቆችን ማነቃቃት። ለዕለቱ ብቻ የታተሙ ሸክላዎች በሱቆቹ ይሸጣሉ፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገዛል። ችግሩ ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች መካከል ሙዚቃውን የማይሰማ ሰው መኖሩ ነው። የገዛው ሸክላ ማታውን ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ በእጥፍ ዋጋ ይለጠፋል። ሱቁም ሁልጊዜ ያዘዘው አይደርሰውም። ደንበኛው ሲቆጣ የሚቆጣው አሳታሚውን ሳይሆን ፊት ለፊቱ የቆመውን ሻጭ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ከፋሲካ ግራና ቀኝ ይውላል። እዚያ በሌሊት ሲሰለፉ እዚህ የዶሮ ዋጋ እየተጠየቀ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የሸክላውን ቀን የሚያከብረው ስልኩ ላይ «አልቋል» የሚለውን እያነበበ ነው።

ከሻንጣ እስከ ባንኮኒ

ከውጭ ልግዛ ቢባልስ? አብዛኛው ሰው ውጭ የሚሠራ የክፍያ ካርድ የለውም። ካርድ ቢገኝ ዋጋው አለ። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 30 ዶላር የሚባል ሸክላ ከ1,700 ብር ወደ 3,000 ብር ዘለለ። መላኪያውና ቀረጡ ገና አልተነካም።

ስለዚህ ሸክላው የሚመጣው በሰው ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የሚመጣ ዘመድ ይለመናል። ዘመዱ ግን 23 ኪሎ ሻንጣ ነው ያለው። የእናቱ ቫይታሚን፣ የእህቱ ልጅ ጫማ፣ የሰርግ ልብስ ይቀድማል። አሥር ትልልቅ ሸክላ ከነልባሱ (ከነካርቶን መያዣው) ወደ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ አይታጠፍም፣ ከባድ ነገር አይጫንበትም። «ይሄ ነገር እዚያ ሞልቶ ይሸጣል እኮ፣ ለምን በስልክህ አትሰማውም?» ይባላል። ተሸክሞት ከመጣም በኋላ ዕቃው ሙቀት አግኝቶት ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። የተጣመ ሸክላ ሲዞር እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፣ መርፌው ይዘላል። መልሶ ለመላክ ከዋጋው በላይ ይጠይቃል።

ሱቅ የሚገባውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት ቅጂ በሻንጣ። እዚህ ላይ የአገራችን ንግድ ጠባይ ይጨመርበታል። ሸክላው ሲመጣ ባንኮኒ ላይ አይወጣም። ሻጩ ፎቶ አንስቶ ለሚያውቃቸው ይልካል። እናንተ ስትደርሱ ልባሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ትጠይቃላችሁ። «ተይዟል» ትባላላችሁ። በማን? «በደንበኛ»። እናንተስ ምንድን ናችሁ? እሱ ጥያቄ አይመለስም።

ታሽጎ የመጣ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ገዢ ልስማው፣ ልየው ይላል። ትክክል ነው፤ ሸክላ የሚገዛው ወደ ብርሃን አዘንብሎ ጭረቱን ታይቶ ነው። ሻጭ ግን ፕላስቲኩ ከተቀደደ ዋጋው ወረደ ብሎ ያስባል። እሱም ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ፕላስቲኩ ነው። እንዲህ እየሆነ አንድ ሸክላ ሳይከፈት ሦስት ሰው እጅ ይገባል። አንዱ ለሌላው አየር በአየር ያቀብለዋል፣ በየመሀሉ ዋጋው ይጨምራል፣ ዘፈኑን የሰማው ሰው የለም። በመኪናና በመሬት የለመድነው ደላላ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ ይሄኛው ስለ ሙዚቃ አውርቶ ኮሚሽኑን መቀበሉ ነው።

ቀብድም ዋስትና አይደለም። እኔ ራሴ ቀብድ ከፍዬ ስጠብቀው የነበረ ሸክላ አንድ በዶላር የከፈለ እንግዳ ይዞት ሄደ። ገንዘቤ ሳይጎድል ተመለሰልኝ፣ ቡናም ተጋበዝኩ። ቡናው ጥሩ ነበር።

ለሻጩም ፍርድ እንስጥ። ሦስት ቅጂ ይዞ አሥር ደንበኛ ያለው ሰው ምን ቢያደርግ ሰባቱን ያስቀይማል። ኪራዩ በየጊዜው ይጨምራል። በ2024 የፒያሳ፣ ቀጥሎም የካዛንቺስ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ የሚያውቃቸው ጠያቂዎች ተበትነዋል። እንግዳው በአንድ ጊዜ አምስት ይገዛል። የሰፈሩ ልጅ ለአንዱ ሦስት ቀን ይከራከራል። ማንን ቢያስቀድም ነው የሚበላው?

ሸክላው እቤት ከገባ በኋላም ጣጣው አያልቅም። ልባሱ በክረምት እርጥበት ይጠጣና ይሻግታል። መርፌ ሲያልቅ እንደገና ሻንጣ ይጠበቃል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየከበደ ይወርድና ዝም ይላል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ሸክላው በድጋሚ በተሸጠ ቁጥር ለዘፋኙ የሚደርሰው ነገር የለም። አሳታሚው ፈቃድ ወስዶ ካሳተመ ድርሻው የሚከፈለው ከመጀመሪያው ሽያጭ ነው፤ 500 ቅጂ ከሆነ የ500 ቅጂ ድርሻ። ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (1996ቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አላት። አዋጁ ሁለተኛው ገዢ ለሦስተኛው በአምስት እጥፍ ሲሸጥ ጣልቃ አይገባም። ዋጋው ሰማይ የነካ ሸክላ ላይ ከተጫወቱት ሙዚቀኞች የራሳቸው ቅጂ እጃቸው ላይ የሌላቸው አሉ። ይህ ከሁሉ በላይ ያበሽቀኛል፤ ሰሚው ቢያጣው ተጫዋቹ አገኘው ማለት አይደለም።

መላ ፍለጋ

አንዳንዱ ተሰብስቦ ያዛል። አምስት ስድስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው በአንድ መንገደኛ ያስመጣሉ፤ ልክ እንደ ዕቁብ ተራ ይይዛሉ። ሌላው ባለቀለሙን ትቶ ተራውን ጥቁር ቅጂ ይጠብቃል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ይታተማል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ለማዳመጥ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። አልጋ ስር ያለውን የዘመድ ካርቶን የሚያስሱም አሉ። አክስትን «እማማ፣ የድሮ ሸክላ የለም?» ብሎ መጠየቅ ነፃ ነው።

ሻጮችም ይሞክራሉ። ዕጣ የሚያወጣ አለ። ዋጋ ለጥፎ «ለሀበሻም ለፈረንጅም አንድ ነው» የሚል አለ። «ለአንድ ሰው አንድ ቅጂ» የሚል ሕግ ያወጣም አለ። በማግስቱ ያ ሰው ወንድሙን ይልካል። ከሰዓት ደግሞ ሚስቱ ትመጣለች።