ቦንሳይ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ እነዚህን አመለካከቶች እናስተካክል

ቦንሳይ፣ ማለትም ፖት ውስጥ እየተከረከመ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ፣ መጀመር ፈልገው የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው ደስም ይለኛል፣ ግን አብዛኛው ሰው አንድ ሁለት የተሳሳተ ነገር ሰምቶ ስለሚገባበት የመጀመሪያ ዛፉ በወራት ውስጥ ይደርቅበትና «እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እጁ ምንም አላጠፋም፣ የነገሩት ነገር ነው የተሳሳተው።

«ቦንሳይ ልዩ የዛፍ ዝርያ ነው»

አይደለም። ተራ ዛፍ ነው፣ ሜዳ ላይ ቢተከል ቤት የሚያክል ያው ዛፍ። ትንሽ ያደረገው ቅርንጫፉም ሥሩም በየጊዜው መከርከሙ ነው፣ ከሱ ላይ ዘር ወስዳችሁ መሬት ላይ ብትዘሩት ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ስለዚህ «የቦንሳይ ዘር» ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ተራ የዛፍ ዘር ነው፣ ሰማያዊ ቅጠል ያለው ሜፕል (የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው) ፎቶ የተለጠፈበት ካያችሁማ እንዳትገዙ፣ እንደዛ አይነት ዛፍ የለም። ከዘር መጀመር ይቻላል ግን የሚቀረጽ ግንድ እስኪኖራችሁ አመታት ይፈጃል። ለጀማሪ የምመክረው ችግኝ መሸጫ ሄዶ ግንዱ ከታች ወፈር ያለ፣ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣ ችግኝ መምረጥ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ላይኛውን አፈር በጣታችሁ ገለጥ አድርጉና ሥሩን እዩት፣ በግንዱ ዙሪያ የተዘረጋ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ባንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

«የሳሎን ጌጥ ነው»

ብዙ ዛፍ የሚሞተው በዚህ ነው። ጥድ፣ ፓይን (መርፌ የመሰለ ቅጠል ያለው ዛፍ)፣ ሜፕል የደጅ ዛፎች ናቸው፣ ፀሐይና ንፋስ ይፈልጋሉ፣ ከቀዝቃዛ አገር የመጡት ደግሞ የቅዝቃዜውን ወቅት በብርድ ካላረፉ እየደከሙ ይሄዳሉ። ለኛ አይን ብሩህ የሆነ ክፍል ለዛፍ ጨለማ ነው፣ ከመስኮቱ ጥቂት እርምጃ ስትርቁ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። የጥድ ክፋቱ ደግሞ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው፣ ቡኒ መሆን ሲጀምር ሰው ደንግጦ ውሃ ይጨምራል ግን ያኔ አልፏል። የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ ፋይከስ ውሰዱና መስኮቱ ስር አድርጉት፣ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፣ የጀማሪን ስህተት በደንብ ይችላል።

«በሳምንት 2 ቀን ውሃ ይበቃዋል»

ሻጩ እንዲህ ካላችሁ እርሱት። ሙቀቱ፣ ንፋሱ፣ የፖቱ ጥልቀት፣ የቅጠሉ ብዛት ሁሉ ይቀያይረዋል፣ በፀሐያማ ቀን 2 ጊዜ የሚጠጣ ዛፍ ደመና ሲሆን ሳይጠጣ ሊውልም ሊያድርም ይችላል። በየቀኑ እዩት፣ ሲያስፈልገው ብቻ አጠጡት። ቀጭን የእንጨት ስቲክ አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉትና አውጡት፣ ጠቆር ብሎ እርጥብ ከወጣ ቆዩ፣ ሊደርቅ የተቃረበ ከሆነ አጠጡ። ስታጠጡ ደግሞ ከስር ባሉት ቀዳዳዎች እስኪፈስ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ድጋሚ። ቅጠል ላይ ስፕሬይ ማድረግ ማጠጣት አይደለም፣ ላዩ ረጥቦ መሃል ያለው ሥር ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ሲበዛ ሥር የሚበሰብሰው ለምን መሰላችሁ፣ ሥርም እንደኛ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ በአፈሩ መሃል ያለው ክፍተት ሁሌ ውሃ ከሞላው ይታፈናል። ለዚህም ነው «ለም ጥቁር አፈር ይሻላል» የሚለው እዚህ የማይሠራው። ጥልቀት በሌለው ፖት ውስጥ ደቃቅ አፈር ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፣ የቦንሳይ ሰዎች አካዳማ የሚባለውን የጃፓን ሸክላማ አፈር፣ ፓሚስና ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር አድርገው ነፍተው፣ ብናኙን ጥለው የሚጠቀሙት አየር እንዲገባ ብለው ነው። ከስር ጠጠር ማንጠፍም አያድንም፣ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ ቶሎ ስለማይወርድ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ።

«ዛፉን ማሰቃየት ነው»

ይሄን ጥያቄ አከብረዋለሁ፣ ለዛፍ ከማዘን የመጣ ነውና። ግን ዋሽንግተን ዲሲ በአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያ ቦታ) የሚገኝ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ፣ ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሲንከባከበው የኖረ ነው፣ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ ተርፏል፣ በ1976 ባለቤቱ ማሳሩ ያማኪ ለአሜሪካ በስጦታ ሰጡት። የተራበና የሚሰቃይ ዛፍ ይሄን ያህል አይኖርም። ቦንሳይ በእድገት ወቅት በደንብ ማዳበሪያ ያገኛል፣ አፈሩ ጥቂት ስለሆነና ውሃ ቶሎ ስለሚያጥበው እንዲያውም አዘውትሮ መስጠት ያስፈልጋል።

«ትንሽ ፖት ውስጥ ካስገባሁት በኋላ ግንዱ ይወፍራል»

ተቃራኒው ነው። ግንድ የሚያወፍረው ብዙ ቅጠልና እንደልቡ የሚሄድ ሥር ነው፣ ስለዚህ ቀጭን ችግኝ ካላችሁ መሬት ላይ ወይ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ተዉት ይደግ፣ ቆንጆው ፖት ግንዱን ከወደዳችሁት በኋላ ይደርሳል። ቅጠል በእንክብካቤ እያነሰ ይመጣል፣ ፍሬ ግን አያንስም፣ ሮማን ቦንሳይ ላይ የምታዩት ትልቅ ፍሬ ለዛ ነው።

«ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ስለት ያለው ንጹህ መቀስና ቅርንጫፍ ላይ ተጠምዝዞ ቅርጽ የሚያስይዝ የአሉሚኒየም ሽቦ፣ ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ የሚሆን። ብቻ ሽቦውን ጠምዝዛችሁ እንዳትረሱት፣ ቅርንጫፉ ሲወፍር ይሰረጉድበታል፣ ስታወልቁ በሽቦ መቁረጫ እየቆራረጣችሁ እንጂ አትፍቱት።

«ገዝቼ እንደመጣሁ ቅርጽ አሲዤ፣ ፖት ቀይሬ፣ ሽቦ አድርጌ»

ተረጋጉ። ባንድ ጊዜ አንዱን ብቻ። ፖት መቀየር በጸደይ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ነው፣ እንደ ፋይከስ ላሉ የሞቃት አገር ዛፎች ደግሞ ሙቀት ባለበትና በሚያድጉበት ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሩ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ከዛ ለሁለት ሳምንት ከኃይለኛ ፀሐይና ንፋስ አርቁት፣ ማዳበሪያም ለወር ያህል ይቆይ። ጫፎቹ ላይ ፈካ ያለ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ሥሩ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፣ ያም ሆኖ ሽቦ ማድረጉን ዛፉ በደንብ እስኪጠነክር አቆዩት።