ከሱሉልታ እስከ ባሕር፦ ባሕርን ለመጠበቅ የሚሠሩ ፊልሞች

እንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የወረደው በአቃቂ ወንዞች አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባና አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ወደ ሱሉልታ የወረደው ግን በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል፣ የዓባይ መጨረሻ ደግሞ ሜዲትራኒያን ነው። ስለዚህ “ባሕር ለሌለን ሰዎች የባሕር ፊልም ምን ያደርጋል?” ለሚል የሱሉልታ ልጅ መልሱ ከደጁ የሚያልፈው ጅረት ነው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። የባሕር ጥፋት ደግሞ ባሕር ዳር ለሚኖረውም አይታይም። ደን ሲቆረጥ ጉቶው ይቀራል፤ ከባድ መረብ የባሕሩን ወለል ጠርጎ ሲያልፍ ግን ውሃው መልሶ ይከድነዋል፣ ከላይ ሲያዩት እንደ ድሮው ሰማያዊ ነው። ካሜራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ባሕርን በፊልም የመቅረጽ ሙያ ሲጀምር ግን ለባሕሩ የሚቆም አልነበረም። የፈረንሳያውያኑ የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶና የፊልም ሠሪው ሉዊ ማል “ዝምተኛው ዓለም” እ.ኤ.አ. በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ወስዷል። ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ነው። እዚያው ፊልም ላይ ግን ቡድኑ ዓሣ ለመቁጠር ብሎ ኮራሉን (ዓሦች የሚኖሩበትን የባሕር ውስጥ ሪፍ) በድማሚት ሲያፈነዳ፣ ሻርኮችንም ሲገድል ይታያል! ያው ኩስቶ በኋላ ከታወቁት የባሕር ጠበቆች አንዱ ሆነ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ታሪክ የለም።

ፊልም ብቻውን ግን አይበቃም። በጃፓኗ ታይጂ የሚካሄደውን የዶልፊን አደን ያጋለጠው “ዘ ኮቭ” ኦስካር አገኘ፣ ዓለም አለቀሰ፣ አደኑ ግን አልቆመም። ሕግ ያስፈልጋል። ከየትኛውም አገር ክልል ውጭ ያለው ባሕር ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ደግሞ ባሕር ለሌላቸው አገሮችም ክፍት ነው። እዚያ ያለውን ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2023 ጸድቆ በጥር 2026 ሥራ ላይ ውሏል። ስምምነትን በፊልም ማሳየት ከባድ ነው፣ አዳራሽና ወንበር ማን ያያል? ጎበዝ ፊልም ሠሪ መረቡ ባዶ ከወጣበት አንድ ዓሣ አጥማጅ ይጀምርና የትኛው ሕግ እንደጎደለ ቀስ ብሎ ያሳያል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ለማሳየት ፕሮጀክተር፣ ነጭ አንሶላና የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። ትልቁ ችግር ቋንቋው ነው። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የግርጌ ጽሑፍ ደግሞ ለልጆች ይፈጥናል፤ ስለዚህ ድምፁን ቀንሶ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚተርክ ሰው ቢቆም ይሻላል። ከዚያ በዚያው ቀን ልጆቹን ወንዝ ዳር ይዞ መውጣት፣ የተከማቸውን ሃይላንድና ፌስታል ማሳየት።

አቃቂ በኩል ላለ ወጣት ደግሞ አባ ሳሙኤል አለ። በአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት፣ እንቦጭ የወረረው ሐይቅ። የራሱን ፊልም ለመቅረጽ ስልክ ይዞ መውረድና ዳሩ ላይ የኖሩትን አባቶችና እናቶች ድሮ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር መጠየቅ ይቻላል።